የወይዘሮ ማርታ ክርንና ስድስቱ የበሬሳ እንቁራሪቶች

ከሀዋሳ ከተመለስኩ ወዲህ በሰፈሩ ብዙ ተወርቷል። አንዳንዱ እንቁራሪት ልሸጥ ሄጄ እንደነበር ይናገራል፤ ሌላው የባህል መድኃኒት ፍለጋ ነው ይላል፤ ጎረቤታችን ደግሞ ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ ነገረ ሥራዬ እንዳላማራት ለባለቤቴ ለአስካለ ሹክ ብላታለች። ስለዚህ ነገሩን ከነቀኑ ጽፌ ላስቀምጠው ብዬ ተቀመጥኩ። የምጽፈው ሀዋሳን አይታችሁ ለማታውቁ፣ ለማየትም ሐሳብ ለሌላችሁ የደብረ ብርሃን ሰዎች ነው። እኔም እስከ ስልሳ ሁለት ዓመቴ ድረስ ከእናንተው አንዱ ነበርኩ።

ንጉሤ እባላለሁ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ባዮሎጂ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ካላስተማርኳችሁ ልጆቻችሁን አስተምሬያለሁ። በኅዳር ውርጭ በሸሚዝ ብቻ ዳቦ ልገዛ ስወጣ አይታችሁኛል። ብርድ ልማድ ነው እያልኩ፣ ጋቢ ደርቦ ፀሐይ የሚሞቀውን ሁሉ ስተርብ ኖሬያለሁ። ይህን አስታውሱልኝ፤ በኋላ ትፈልጉታላችሁ።

የጉዞው ምክንያት የእህቴ ልጅ ሜሮን ናት። ሀዋሳ ሁለተኛ ዲግሪዋን ትማራለች፤ ጥናቷ በልብ ላይ ነው። በአጭሩ ላስረዳ። ውሻ ሲያባርራችሁ ልባችሁ የሚደልቀው ሰውነታችሁ አድሬናሊን የሚባል ነገር ስለሚለቅ ነው። ሐኪሞች ይህንኑ ነገር፣ ወይም ዘመዶቹን፣ ለደከመ ልብ በመድኃኒትነት ይሰጣሉ። ሜሮን የምትጠይቀው፣ ያው አንድ ጠብታ በሞቀና በቀዘቀዘ የልብ ጡንቻ ላይ እኩል ይሠራል ወይ ብላ ነው። በተለይ ደግሞ በብርድ የኖረ ልብና በሙቀት የኖረ ልብ ለአንድ ዓይነት ጠብታ እኩል ይመልሳሉ ወይ። ለዚህ እንቁራሪት ያስፈልጋል፤ እንቁራሪት እንደ እኛ የራሷ ማሞቂያ የላትም፣ ሰውነቷ እንደ አካባቢዋ ነው። የሙቀቱን ወገን ከሀዋሳ ሐይቅ ዳር ይዛለች። የብርዱን ወገን ግን ከየት ታምጣ? አጎት አላት።

በመጀመሪያ ዙር አራት እንቁራሪት በአንድ ሾፌር እጅ ልኬላት ነበር። አራት አይበቃም፣ ስድስት ጨምር ተባልኩ። የትምህርት ፈቃዷ በወሩ መጨረሻ ያልቃል፤ የመጨረሻውን ሙከራ ሠርታ ጽሑፏን በወቅቱ ካላስገባች ያለ ዲግሪ ወደ ሥራዋ መመለሷ ነው። ሾፌሩ ሁለተኛ አልጭንም ስላለ፣ እኔው ራሴ ተነሣሁ።

ማክሰኞ

ከቤት የወጣሁት ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሰኞ ከሰዓት በኋላ በሬሳ ወንዝ ውስጥ እስከ ጉልበቴ ገብቼ የያዝኳቸው ስድስት እንቁራሪቶች፣ አስካለ ቅቤ ታመላልስበት በነበረው ሰማያዊ የበረዶ ሳጥን ውስጥ፣ እርጥብ ሣር ላይ፣ ውሃቸው በረዶ በሆነ የፕላስቲክ ጠርሙሶች መካከል ተቀምጠዋል። አስካለ ሳጥኑን ከእንግዲህ ቤት ይዤ እንዳልገባ ነግራኛለች።

ሚኒባሱ ላይ ረዳቱ ሳጥኑን በእግሩ ገፋ አደረገው።

«አባቴ፣ ምንድን ነው ይሄ?»

«የምርምር ዕቃ።»

«ቅቤ ከሆነ ለብቻው ይከፈልበታል።»

«ቅቤ አይደለም።»

«ሥጋ ነው?»

«ገና ነው» አልኩት። ግራ ገብቶት ሄደ።

አዲስ አበባ ላይ ወርጄ ቃሊቲ ተሻግሬ የሀዋሳውን አውቶቡስ ያዝኩ። አጠገቤ የተቀመጡት ሙሉ ሰውነት ያላቸው፣ ፊታቸው ደስ የሚል እናት ነበሩ። ሞጆን እስክናልፍ በሰላም ተጫወትን። ከዚያ ከስድስቱ አንዱ ከእግሬ ሥር መጮህ ጀመረ። ያውም ቆጠብ እያለ፣ በልክ በልኩ።

«ስልክዎ እየጠራ ነው» አሉኝ።

«ይቅር፣ ችግር የለም።»

ዝም አለ፤ እንደገና ጀመረ። «ያንሱት እንጂ፤ የቸገረው ሰው ይሆናል።»

እንቁራሪት ይዣለሁ ብል አውቶቡሱ እንደሚቆም ታየኝ። «ባለቤቴ ናት፤ ትቆይ» አልኩ። ከዚህ የባሰ መልስ አልነበረም። እኚያ ደግ ሴት ፊታቸውን አጨልመው፣ ሠላሳ ዓመት አብራ የኖረች ሚስት ስትደውል አለማንሣት ምን ማለት እንደሆነ እስከ ሻሸመኔ ድረስ መከሩኝ። እንቁራሪቱም በየመሐሉ እየጮኸ አገዛቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ ደዋዩ ሆነ።

ዝዋይ ላይ ለምሳ ስንወርድ ጠርሙሶቼ ቀልጠው ነበርና ከአንድ ዓሣ ቤት በረዶ ለመንኩ። ባለቤቱ ሳጥኑን ከፍቶ አየ፤ ዓሣ አይደሉም፤ ቀና ብሎ አየኝ፤ ምንም ሳይጠይቅ በሳህን በረዶ አፍሶ ሰጠኝ፤ ሒሳብም አልተቀበለኝ። እኛ አገር በረዶ በጥቅምት ጠዋት ከጣራ ላይ ይለቀማል። እዚያ ሰው በፍሪጅ አምርቶት ለእንግዳ ይሰጣል።

ሀዋሳ የደረስኩት ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ከአውቶቡሱ ስወርድ የተቀበለኝ አየር፣ ውሃ ፈልቶ ክዳኑ የተነሣለት ድስት ነበር የሚመስለው። ሜሮን እየሳቀች ሹራቤን ተቀበለችኝ፤ በባጃጅ ከፒያሳ ጀርባ ወደምትኖርበት ግቢ ወሰደችኝ።

አከራይዋ ወይዘሮ ማርታ ይባላሉ። ሲዳማ ናቸው፤ ባለቤታቸው ከሞቱ ቆይቷል፤ በቤተ ክርስቲያናቸው የመዘምራን ቡድን ውስጥ ከወጣቶቹ እኩል ቆመው ይዘምራሉ። «ኬሬሆ?» ብለው በሲዳምኛ ሰላም አሉኝ፤ ወዲያው ወደ አማርኛ ዞረው ስለ መንገዱ፣ ስለ ጤናዬ፣ ስለ ባለቤቴ፣ ስለ ዝናቡ ጠየቁኝ። ሁሉንም ከመለስኩ በኋላ ሳጥኑን አዩ።

«እነዚህ ናቸው?»

«እነዚህ ናቸው።»

ፍሪጃቸው ውስጥ ከቅቤያቸው አጠገብ እንቁራሪት እንደማያስገቡ በትሕትና ነገሩን፤ ትክክል ናቸው። ስለዚህ ሳጥኑ ዕቃ ቤት ይቀመጥና በረዶው ጠዋትና ማታ ይቀየር ተባለ። ወይዘሮ ማርታ አጎንብሰው ወደ ውስጥ አዩ።

«በረዶ ላይ ነው የሚተኙት?»

«አዎ።»

«ሌሊቱንም?»

«ሌሊቱንም።»

«ያን ሁሉ መንገድ መጥተው?» አሉና ክዳኑን ቀስ ብለው ገጠሙት። ነገሩን ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም።

ረቡዕ

ጠዋት ሜሮን ወደ ቤተ ሙከራዋ ወሰደችኝና ከአማካሪዋ ከዶክተር አሰፋ ጋር አስተዋወቀችኝ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲናገሩ ቃል የሚቆጥቡ ሰው ናቸው። ሥራው የሚሠራበት ጠረጴዛ እስከ መጪው ማክሰኞ በሌላ ተማሪ እንደተያዘ ነገሩን። «ማክሰኞ ግን ቀኑን ሙሉ ያንቺ ነው። ከማክሰኞ በኋላ እኔ የለሁም፤ መንገድ አለብኝ» አሏት። ሜሮን እሺ አለች፤ ስንወጣ ግን ጥፍሯን ስትበላ አየኋት። አራተኛ ክፍል ሳለች ጀምሮ የምፈራው ምልክት ነው።

ቤት ስንመለስ ወይዘሮ ማርታ በረዶውን እሳቸው እንደሚቀያይሩ ቃል ገቡልን። «እናንተ ሥራችሁን ሥሩ። እንግዳ እኔ ነኝ የምይዘው» አሉ። በጣም አመሰገንናቸው።

ምሳ ላይ ትልቅ ድንገተኛ ነገር ገጠመኝ። ወይዘሮ ማርታ ለእኔ ብለው ቡርሳሜ ሠርተው ነበር፤ ቆጮ ተፍረፍሮ በቅቤ የራሰ፣ ሽታው ግቢውን የሞላ። ቀኑ ረቡዕ ነው፣ ጾም ነው። እንዴት ብዬ ልንገራቸው ስል ፊቴን አይተው ገባቸው።

«ውይ! የእናንተን ረቡዕ ረሳሁት!»

ሳይቀየሙ አነሡት፤ ሽሮ በዘይት ሠርተው አቀረቡ፤ ቡርሳሜውን ሐሙስ ማለዳ ገና ዓይኔን ሳልገልጥ አሙቀው በሬ ላይ አመጡት። ደብረ ብርሃን ውስጥ እንዲህ ያለ ቅቤ የሚጠጣ ምግብ ቢኖር ኖሮ፣ ብርዳችንን ማን ይፈራው ነበር?

ከሐሙስ እስከ እሑድ

እነዚህን አራት ቀናት አንድ ላይ የጻፍኳቸው ሙቀቱ ስለቀላቀለብኝ ነው። ሐሙስ ሹራቤን ተውኩ። ዓርብ ካልሲዬን። ቅዳሜ ነጠላ ጫማ ገዛሁ፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የእግሬ ጣቶች ባዕድ ከተማ ላይ ተገለጡ። እሑድ ብርድ ልብሱን ገፍቼ በአንሶላ ብቻ ተኛሁ። የሀገሬ ብርድ ልብስ ቢሰማ ይቀየመኝ ነበር።

ጠዋት ጠዋት አሞራ ገደል ወደሚባለው የዓሣ ገበያ ወርጄ ዓሣ ሲራገፍ አያለሁ። እዚያ አባ ኮዳ የሚባል፣ ራሰ በራ፣ ኮት የለበሰ ዳኛ የሚመስል ትልቅ ወፍ አለ፤ ከሰው እኩል ወረፋ ይዞ አንጀት ይጠብቃል። ጥሬ ዓሣ ብላ ተብዬ በሊማሊሞ እንደሚወርድ ሰው ዓይኔን ጨፍኜ ቀመስኩ። ከዚያ በኋላ ዓይኔን ገልጬ ሁለተኛ አዘዝኩ።

ማታ ማታ ሳጥኑን እከፍታለሁ። የሚገርመው ነገር፣ እንቁራሪቶቹ በየቀኑ እየነቁ መጡ። ማክሰኞ ደንዝዘው ነበር፤ ቅዳሜ ክዳኑን ሳነሣ አንደኛው ዘሎ ደረቴ ላይ ወጣ። ደዋዩማ እራት የምንበላበት ድረስ ይሰማል።

«ታያለሽ?» አልኳት ሜሮንን። «የደብረ ብርሃን ጉልበት! በበረዶ ላይ እንኳ እንዲህ ናቸው። የደጋ ልብ ሌላ ነው።»

ሜሮን በረዶውን ነካች፤ ቀዝቃዛ ነው። ቅንድቧን ሰበሰበችና ክዳኑን ከደነች። ወይዘሮ ማርታ ወጥ ያማስሉ ነበር፤ ማማሰያው ለአፍታ ቆመና ቀጠለ።

ሰኞ

እንግዲህ ጉዱን ያወጣችው ጦጣ ናት። ሐይቅ ዳር አንድ ሆቴል በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ፣ የደም ግፊት ክኒኔን ጠረጴዛ ላይ አድርጌ ውሃ ስጠብቅ፣ ከዛፍ ወርዳ ፓኬቱን አንሥታ ወጣች። ይህ ክኒን፣ ሜሮን እንዳስረዳችኝ፣ አድሬናሊን የሚያንኳኳውን የልብ በር ገርበብ አድርጎ የሚዘጋ ነው። አሁን ክኒኑ ዛፍ ላይ ነው፤ የእኔ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ አድሬናሊኑም ገብቷል። ጮህኩ፣ አስተናጋጁ በመጥረጊያ አባረራት። ጦጣዋ አንዱን ነክሳ መረራት፤ ተፋችው፤ የቀረውን ሐይቅ ውስጥ ወረወረችው። አስተናጋጁ ይቅርታ ሊጠይቀኝ የጠጣሁትንም ያልጠጣሁትንም በነፃ አደረገልኝ።

ትርፍ ፓኬት ቤት ስለነበረኝ በባጃጅ ከነፍኩ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነበር፤ በዚያ ሰዓት ቤት ገብቼ አላውቅም። የግቢውን በር ስከፍት መዝሙር ሰማሁ። ወይዘሮ ማርታ ዱካ ላይ ተቀምጠዋል። ፊት ለፊታቸው ፀሐይ ላይ ሰፊ ሳፋ አለ። በሳፋው ውስጥ ስድስቱ የበሬሳ እንቁራሪቶች፣ እግራቸውን ዘርግተው፣ ይዋኛሉ። በጎን ማንቆርቆሪያ ይጨሳል። ወይዘሮ ማርታ እየዘመሩ ክርናቸውን ውሃው ውስጥ ነከሩ፣ ትንሽ ሙቅ ውሃ ጨመሩ፣ እንደገና ነከሩ።

«ወይዘሮ ማርታ!»

ደንግጠው ተነሡ። መካድ ግን ተፈጥሯቸው አይደለም። «ጋሽ ንጉሤ፣ ይቅር ይበሉኝ። አልቻልኩም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከረቡዕ ጀምሮ።» ለካ ጠዋት እኛ ስንወጣ በረዶውን ያወጡታል፤ እንቁራሪቶቹ ቀን ሳፋ ውስጥ፣ ሌሊት ደግሞ ከምድጃው አጠገብ ናቸው። እኛ ማታ የምናይበት ሰዓት ሲደርስ ብቻ በረዶው ይመለሳል። «እኔ ቤት የመጣ እንግዳ በረዶ ላይ አይተኛም። እንቁራሪት ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት፤ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። በአፌ እሺ ብዬ በእጄ አልሆነልኝም።»

ልቆጣ ፈለግሁ። ግን በዚያው ሳምንት ቡርሳሜውን ያሞቁልኝ፣ ትራሴን ያደላደሉልኝ፣ ሹራቤን አጥበው ያጠፉልኝ እጆች ናቸው። ቁጣዬ አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ክኒኔን ዋጥኩና ለሜሮን ደወልኩላት።

መጥታ ሳፋውን ስታይ ምድር ላይ ቁጭ አለች። «ጋሼ፣ አበቃልኝ። የብርድ እንቁራሪት ነበር የምፈልገው። እነዚህ አሁን ምንድን ናቸው?» ሌላ ለማምጣት ጊዜ የለም፤ ማክሰኞ ነገ ነው። ወይዘሮ ማርታ ቀሚሳቸውን ጨብጠው ማልቀስ ጀመሩ፤ ሜሮን ራሷ እያለቀሰች አባበለቻቸው።

እኔ ደግሞ የማፍርበትን ነገር ተናገርኩ። «ስሚ፤ አሁኑኑ በረዶ ላይ እናስተኛቸው። ነገ ቀዝቅዘው ይቀርባሉ። ማን ያውቃል?»

ሜሮን ዓይኗን ጠርጋ አየችኝ። ክፍል ውስጥ ሲኮርጅ የያዝኩትን ተማሪ እንዲህ ነበር የማየው።

«ልባቸው ያውቃል» አለች። «መድኃኒቱን ስጨምርበት ይናገራል። እኔ ደግሞ ልባቸው የተናገረውን ከእውነቱ ሌላ ስም ሰጥቼ ልጽፍ ነው? አንተ ነህ ይህን ያስተማርከኝ፤ ሰባተኛ ክፍል፣ ባቄላው ሳይበቅል በቀለ ብዬ የጻፍኩ ጊዜ ዜሮ ሰጥተኸኛል።»

እውነት ነው፣ ሰጥቻታለሁ። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ዜሮ ኮራሁ፤ በራሴ ደግሞ በጣም አፈርኩ።

ማክሰኞ

ወይዘሮ ማርታ ካልመጣሁ አሉ። የእሑድ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ሳፋውን በብብታቸው፣ ማንቆርቆሪያውን በእጃቸው ይዘው ባጃጅ ውስጥ ገቡ። እኔ ሳጥኑን ታቀፍኩ፤ ደዋዩ መንገዱን ሙሉ ይጮሃል። ባለባጃጁ በመስታወቱ ሦስታችንን አየና ፍጥነቱን ጨመረ።

ዶክተር አሰፋ ሜሮን ስትናዘዝ እስክሪብቷቸውን አስቀምጠው ሰሟት። የእኔ ልብ ክኒን ቢውጥም ጆሮዬ ውስጥ ይመታ ነበር። ስትጨርስ ወይዘሮ ማርታ ወደ ፊት ወጡ።

«ልጅቷ ምንም አላጠፋችም። እኔ ነኝ ያሞቅኋቸው።»

«በስንት ዲግሪ?» አሉ ዶክተሩ።

«ዲግሪ አላውቅም። ሕፃን የሚታጠብበት ነው። ክርን የሚቀበለው።»

«ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነበር?»

ወይዘሮ ማርታ ተቆጡ። «ስምንት ልጅ አሳድጌያለሁ!»

ዶክተር አሰፋ ከመሳቢያ ቴርሞሜትር አወጡ። «እስኪ አሁን ያዘጋጁልኝ» አሉ። ወይዘሮ ማርታ ሳፋውን ወለሉ ላይ አደረጉ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ሞሉ፣ ሙቅ ጨመሩ፣ ክርናቸውን ነከሩ። «ይኸው» አሉ። ዶክተሩ ለኩ፤ ጻፉ። ደፍተው ሁለተኛ አስደገሟቸው፤ ለኩ፤ ጻፉ። ሦስተኛ። ሦስቱን ቁጥሮች ቆመው ለረጅም ጊዜ አዩዋቸው፤ ከዚያ ክፍሉ ጥግ ወዳለው ትልቅ የውሃ ማሞቂያ መሣሪያ ዞሩ።

«ይህ ማሽን ሙቀት እንዲህ አይጠብቅም» አሉ።

ከዚያ ሜሮንን ፊት ለፊት አዩዋት። «የተሟላ የብርድ ቡድን የለሽም። አራት እንቁራሪት ብቻ ነው ያለሽ፤ ጥቂት መሆናቸውን ትጽፊያለሽ። የሐይቁ ቡድን አለሽ። እነዚህ ደግሞ ሌላ ቡድን ናቸው፤ ከብርድ አገር መጥተው ስድስት ቀን በወይዘሮ ማርታ ክርን የኖሩ። እንዴት እንደሆነ እንዳለ ጻፊው። ብትደብቂኝ ኖሮ ግን ልቡን ሳይ አውቀው ነበር፤ ያን ጊዜ ስለ ሌላ ነገር ነበር የምንነጋገረው።»

ሜሮን ጥፍሯን ከአፏ አወጣች። እኔ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ።

እንቁራሪቶቹ ምን እንደሚሆኑ ለወይዘሮ ማርታ በእርጋታ ተነገራቸው፤ ሕመም ሳይሰማቸው እንደሚሞቱ፣ ልባቸው ግን ለብቻው እንደሚመታ። ሳፋቸውን አነሡ። «እኛም ዶሮ እናርዳለን» አሉ በመጨረሻ። «ብቻ እኔ ስወጣ ጀምሩ።»

የጣት ጥፍር የምታክለው ልብ በቀጭን ክር ታስራ በጨው ውሃ ብርጭቆ ውስጥ ተንጠለጠለች፤ በኮምፒውተሩ ላይ ምቷ መስመር እየሠራ ይሄዳል። ውሃው ሲቀዘቅዝ ምቱ ይዘገያል፤ ሲሞቅ ይፈጥናል። ጠብታው ሲገባ መስመሩ ብድግ ይላል፤ ምን ያህል ብድግ እንደሚል ነው ጥያቄው። ሜሮን ቀድማ የሞከረቻቸው የፊተኞቹ አራት የበሬሳ ልቦች ገና በትንሽ ጠብታ ቶሎ የሚነሡ ነበሩ። እነዚህ ግን ተረጋጉ። ከዘመዶቻቸው ይልቅ ወደ ሐይቁ እንቁራሪቶች አደሉ።

«ስድስት ቀን ብቻ!» አልኩ። «በስድስት ቀን አገራቸውን ረሱ?»

«በዚህ ቁጥር ምንም ማለት አይቻልም ጋሼ» አለች ሜሮን፤ ፊቷ ግን በርቶ ነበር።

አምስተኛው እንዳለቀ፣ ለስድስተኛው ሲዘጋጁ መድኃኒቱ ወደ ሮዝ ቀለም አደላ። አድሬናሊን ሲበላሽ እንዲህ ይሆናል፤ የሀዋሳ ሙቀት እሱንም አልማረውም። ዶክተሩ ደፉት፤ አምስት ይበቃል አሉ። የተረፈው ደዋዩ ነበር።

ወይዘሮ ማርታ ተመልሰው ሲገቡ ሐይቅ ውስጥ እንልቀቀው አሉ። ዶክተር አሰፋ ከሌላ ውሃ የመጣ እንስሳ እዚህ አይለቀቅም ብለው ከለከሉ። «የመጣበት ይመለስ» አሉ።

ረቡዕ

ወይዘሮ ማርታ ለአስካለ ቆጮ፣ ለእኔ ቅቤ፣ ለደዋዩ እርጥብ ፎጣ ሰጡኝ። በረዶ አላደረጉበትም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ስሰናበታቸው እንዳላለቅስ ብዬ ስለ መንገዱ ብዙ አወራሁ። ሜሮን መናኸሪያ ድረስ ሸኘችኝ፤ ጽሑፏ ውስጥ «ክርን» የሚለውን ቃል እንዴት አድርጋ እንደምታስገባው እያሰበች ነበር።

አዲስ አበባ እስክደርስ ደህና ነበርኩ። ከዚያ ወዲያ ግን ሚኒባሱ ሽቅብ በወጣ ቁጥር አንድ ነገር በአንገቴ ይገባል። ሹራቤን ለበስኩ። ጫጫን ሳልፍ መስኮቱን ዝጉልኝ አልኩ። ይህን ስል የሰማኝ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ዞሮ አየኝ፤ ወሬውን ከእኔ ቀድሞ ሰፈር ያደረሰው እሱ ነው። ደብረ ብርሃን ስወርድ ጥርሴ ይንቀጫቀጭ ነበር።

በቀጥታ ወደ በሬሳ ሄድኩ። ደዋዩን ከሳጥኑ አውጥቼ ከውሃው ዳር አስቀመጥኩት። «ይኸው አገርህ፣ ግባ» አልኩት። አንድ እግሩን ነከረ፤ መለሰ። ዞሮ ዘለለና ጫማዬ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ። ነፋሱ ሲመጣ ሁለታችንም አንድ ላይ ተሸማቀቅን።

መንገድ ላይ በገዛሁት ጋቢ ተጠቅልዬ፣ አልገባም የተባለውን ሳጥን ታቅፌ ቤት ስገባ አስካለ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

«ምነው መለስከው?»

«ጥቂት ቀን ብቻ» አልኳት። «በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያቀዘቀዝንለት እንመልሰዋለን። በአንድ ጊዜ አይሆንም።»

«እሱን ነው ወይስ አንተን?»

ሳፋውን ከውጭ አመጣሁ፣ ከማንቆርቆሪያው ጨመርኩበት፤ እጅጌዬንም ሰበሰብኩና ክርኔን ነከርኩ።